ሣጥኑ በማን እጅ ነው? የጥበቃ ካሜራና የጎንደር ገመና

ጎንደር ላይ ስለ ጥበቃ ካሜራ የሚነሣ ጨዋታ እገታን ሳይጠራ አያልፍም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ ከተገደለች በኋላ ሕዝቡ አደባባይ የወጣው ለአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አልነበረም። ሰው ይዞ ገንዘብ መጠየቅ ነጋዴ ሐኪም ሳይለይ የከተማው ሁሉ ሥጋት ሆኖ ነበርና ነው። ዛሬ በፒያሳም ሆነ በአራዳ፣ በማራኪም ሆነ በአዘዞ፣ ከሱቁ በረንዳ ወይም ከግቢው በር ላይ ካሜራ የሰቀለን ሰው «ምነው?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፤ «ታዲያ ምን ላድርግ?»

መልሱን ማቃለል አይገባም። ስለ ግል ሕይወት መከበር የተጻፈው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ፖሊስ ሲጠሩት ቶሎ በሚደርስበት አገር ነው። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ በር ከፍቶ «ማነው?» ማለት የማይደፈርበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ ከአልጋው ሳይወርድ ደጁን በስልኩ ማየት ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ካሜራ ይኑር አይኑር በሚለው ክርክር ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ተሰቅሏል። የሚያሳስበኝ የቀረጸው ነገር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተው፣ የተቀረጸው ሰውስ ለማን አቤት እንደሚል ነው።

መታየት ለጎንደር አዲስ አይደለም። ንጉሡ ከፋሲል ግንብ ሰገነት ላይ ሆኖ እስከ ጣና ድረስ ያይ ነበር ይባላል፤ ግቢውን የከበበው 900 ሜትር ያህል ቅጥርም 12 በሮች ነበሩት። ይህን አስጎብኚዎቹ በደስታ ይተርኩታል። በደስታ የማይተረከው የቅርቡ ነው። በደርጉ ሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን በከተማዋ የነበረ ሰው ስለ ቀበሌ ጥበቃና ስለ ጆሮ ጠቢ ከማንም መጽሐፍ በላይ ያውቃል። ጎረቤት እንዳይሰማ እንባውን የዋጠ ወላጅ በየሰፈሩ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰውን በአምስት በአምስት የሚያደራጀው «አንድ ለአምስት» መጣ፤ እሱ እንኳ ከማስፈራቱ ማሰልቸቱ ይበልጥ ነበር።

ያም ሆኖ የሰው ዓይን ልክ አለው። ይረሳል፣ ያዝናል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሰፈሩ ሊስትሮ ማን ከማን ጋር እንዳመሸ ቢያውቅም ለሁሉ አያወራም። ቢያወራም «ቂም ይዞብኝ ነው» ብሎ መከራከር ይቻላል። ካሜራ ቂምም ይሉኝታም የለውም። ያየውን፣ በቦታው ላልነበረ፣ ጨርሶ ለማያውቅህ ሰው፣ በፈለገው ቀን ያሳየዋል። ለዚህ ነው «ድሮስ ጎረቤት ያየን የለ?» የሚለው ማስተባበያ የማያረካኝ።

ነገሩን በቅርበት ለማየት ከመካከለኛ ምግብ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ከአራት ካሜራ የሚመጡት ገመዶች ሁሉ የሚገቡት ዲቪአር በሚባል ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ ከካሸሯ ጠረጴዛ ሥር፣ ከደረሰኝ ጥራዝና ከተንጠለጠለ የስልክ ቻርጀር አጠገብ አቧራ ጠጥቶ ይገኛል። ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ አንድ ቴራባይት ከሆነ፣ እንደ ምስሉ ጥራት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያለውን ቀረጻ ይይዛል። ሲሞላ የቆየውን እየሰረዘ አዲሱን ይጽፍበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእኔና የእናንተ መልክ እዚያ ቤት ስንት ቀን እንዲቀመጥ የወሰነ ሰው የለም። የወሰነው የዲስኩ ዋጋ ነው። ባለቤቱ ነገ ገንዘብ አግኝቶ አራት ቴራባይት ቢገዛ፣ የበላነውና ያጎረስነው ሁሉ ለወራት ተቀምጦ ይቆያል።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ የውስጥ ባትሪው የደከመ ሣጥን ቀኑን ይስታል። ሳይስትም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሆነው ነገር 20:00 ተብሎ ይጻፋል። የቤይጂንግን ሰዓት ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ሣጥን ሳይስተካከል ከተገጠመ ደግሞ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። «በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርሁ» ለሚል ተጠርጣሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቀረጻን እንደ ማስረጃ የሚቀበል መርማሪ ከምስሉ በፊት ሊያጣራ የሚገባው የሣጥኑን ሰዓት ነው።

የይለፍ ቃሉም እንዲሁ ነው። በእኛ ገበያ በብዛት የሚታየው የቻይናው ሂክቪዥን እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዕቃውን ከፋብሪካ የሚያወጣው 12345 በሚል ቃል ነበር። አዲሶቹ ሥራ ሳይጀምሩ «ቀይር» ብለው ያስገድዳሉ፤ ቃሉን የሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ገጣሚው ነው፣ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ቢሰጥም የሚጠይቀው የለም። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም በስልኩ መተግበሪያ ያንን ምግብ ቤት ማየት ይችል እንደሆነ የሚያጣራ ባለቤት ጥቂት ነው። ዓለም ይህን ቸልተኝነት በውድ ከፍሎበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. «ሚራይ» የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የወጣ ቃላቸውን ያልቀየሩ ካሜራዎችንና መቅረጫ ሣጥኖችን በመቶ ሺዎች አሰልፎ እነ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አንበርክኳል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው የካሜራ ኩባንያ ቬርካዳ ተሰብሮ የ150,000 ካሜራዎች ምስል፣ የሆስፒታልና የእስር ቤት ሳይቀር፣ ለሰርጎ ገቦች ተከፍቷል።

የእኛ ሰው ገመና የሚወጣው ግን እንዲህ ባለ ጥበብ አይደለም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ይቀርጸዋል፣ አለቀ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞሩትን «ሌባዋ እጅ ከፍንጅ» የሚሉ ቪዲዮዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ ብዙዎቹ የስክሪን ቅጂዎች ናቸው። ጥጉ ላይ የቀረጸው ሰው አውራ ጣት ይታያል፣ በመስታወቱ ላይ የጣራው መብራት ያበራል፣ ከኋላ «እያት፣ እያት፣ አሁን ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነጠላ ያጣፋች ሴት ከመደርደሪያ አንድ ነገር አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቀድማ ከፍላ ይሁን፣ ስትወጣ ልትከፍል ይሁን፣ የራሷን ዕቃ አስቀምጣ መልሳ አንሥታው ይሁን ቪዲዮው አይናገርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የቴሌግራም ችሎት መከላከያ አይሰማም። ሰርቃም ከሆነ ቅጣቱ በሕግ የተቆረጠ ነው፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠቋቋሚ እንዲሆኑ የፈረደ ዳኛ የለም። ጎንደር ደግሞ ምን ብትሰፋ፣ በእድርና በማኅበር የተሳሰረች ናት፤ ዛሬ አዘዞ የታየ ነገር ነገ ቀበሌ 18 ይወራል።

ከሱቁ ይልቅ የሚከብደኝ ግን የመኖሪያ ቤቱ ነው። አሜሪካ ወይም ሌላ አገር ሆኖ ጎንደር ላይ ቤት የሠራ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ባለቤቱ ግቢውን በስልኩ ይጠብቃል፤ እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ነግቷል፣ እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የእኛን ረፋድ ያያል። ዘበኛው ፀሐይ ሽሽት ከዋርካው ጥላ ሥር አረፍ ሲል ከግድግዳው ላይ «አያ፣ ምነው ተቀመጡ?» የሚል ድምፅ ይወርድበታል፤ አዳዲሶቹ ካሜራዎች መናገሪያም አላቸውና። ንብረቱን መጠበቅ የባለቤቱ መብት ነው። ሌላ ሰው በሠራተኛነት የሚኖርበትን፣ የሚበላበትን፣ የሚጸልይበትን ቦታ ቀኑን ሙሉ ማየት ግን ከንብረት ጥበቃ አልፎ ሄዷል። የቤት ሠራተኛዋ የምትተኛው ሳሎን ወይም ኩሽና ውስጥ ከሆነ፣ እዚያ የተሰቀለው ካሜራ የመኝታ ቤት ካሜራ ነው። አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። እዚያ በማድቤት ካሜራ ሥር ያሳለፉትን ዓመት በምሬት የሚያወሩ ሁሉ፣ እዚህ የራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ምን እንደሚሰቅሉ ባይ ደስ ይለኛል።

ከሩቅ ሆኖ የሚያየውም ባለቤቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። የአማዞኑ የቤት ካሜራ ኩባንያ «ሪንግ» ሠራተኞች በደንበኞች መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት የተቀረጸ ምስል ሲያዩ ተገኝተው፣ ኩባንያው በ2023 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ከፍለን ሌባውንና አጋቹን እናስቀራለን? በ2019 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ፒዛና ባልደረቦቹ የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው መዝነው ነበር። ካሜራ ባለበት አካባቢ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ይበልጥ የቀነሰው በመኪና ማቆሚያዎች ነው። በሰው አካል ላይ በሚፈጸም ወንጀል ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ጥናቶቹ ባብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ስለሆኑ ቁጥሩን ወስደን ጎንደር ላይ መለጠፍ አያስኬድም፤ አቅጣጫው ግን ይነግረናል። ካሜራው የተሰቀለው ሱቅ ላይ ነው። የጎንደር–መተማን መንገድ ለሚሄድ ተሳፋሪ የሚያስፈራው ደግሞ ሱቅ የሌለበት ቦታ ነው። እንደ ጥናቱ ከሆነ ካሜራ የተሻለ የሚሠራው ከስክሪኑ ፊት ነቅቶ የሚያይ ሰው ሲኖርና ሌሎች የመከላከያ እርምጃዎች ሲታከሉበት ነው። ማንም የማያየው ካሜራ ወንጀሉ ካለፈ በኋላ ምን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ አያስቆመውም። ነገር ግን ያለፈውን ማወቅም ዋጋ አለው፤ ልጁ በየትኛው ባጃጅ እንደተወሰደ ለማወቅ የሚማስን አባት ፊት «13 በመቶ» ብሎ መከራከር ነውር ነው።

ስለ መንግሥት ዓይን ብዙ ተጽፏልና አጠር አደርገዋለሁ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ዘገባ የስልክና የኢንተርኔት ክትትል በአገራችን እንዴት ተቃዋሚን ለመያዝ እንደዋለ ዘርዝሯል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ረቋል። የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ከእግረኛ መንገዱና ከመብራቱ ጋር የደኅንነት ካሜራን ይዞ ነው የመጣው፤ ኮሪደሩ ጎንደርም ገብቷል። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ተጥሎለት የፊት ፎቶ፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይወስዳል። የመንገድ ካሜራና የፊት መዝገብ ለየብቻቸው እስካሉ ድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተገናኙ ዕለት ግን በጃን ተከል ዋርካ ሥር ያለፈ ሰው ሁሉ ስሙ ግንባሩ ላይ እንደተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሩቅ አይደለም። ኡጋንዳ ከሁዋዌ በገዛችው የካሜራ ሥርዓት በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ የተሳተፉ ሰዎችን መለየቷን ፖሊሷ ራሱ ተናግሯል፤ ከ800 በላይ ሰዎች ታስረዋል።

ከዚህ ይልቅ ማንም ልብ ያላለው ሌላው ወገን ያስገርመኛል፤ ጠባቂው ራሱ ሲዘረፍ። ሌ ሞንድ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር ጻፈ፤ ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮይተርስ ሰርጎ ገቦች ከዚያው ግቢ የጥበቃ ካሜራዎች ምስል ሲወስዱ መገኘታቸውን ዘገበ። የአህጉሩ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ግቢ ካሜራ ለሌላ የሚያይ ከሆነ፣ የማራኪው ሱቅ ካሜራ ምን ዋስትና አለው?

ሕጉስ? ሕግ የለም የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ ባለሥልጣናትም መብቱን የማክበር ግዴታ እንዳለባቸውና ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በዝርዝር ሕግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ካሜራ ገና የፎቶ ቤት ዕቃ በነበረበት ዘመን፣ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ቀጣዩ አንቀጽ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለታወቁ ሰዎች፣ በአደባባይ ለተደረጉ ሥነ ሥርዓቶች በር ይተዋል። የጥምቀትን በዓል ከፋሲለደስ መዋኛ ዳር ማንሣት የማይከለከለው በዚህ ነው። የካሸሯ ስክሪን ግን ከእነዚህ በአንዱም በር አይገባም። ምስሉን ለፖሊስ መስጠት ሕጉ ያውቀዋል፤ ለ20,000 ተከታይ መልቀቅ ሌላ ነው።

አዲሱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። መረጃ የሚሰበስብ አካል ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልግ መጠንና ለሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ እንዲይዝ፣ ባለመረጃውም የራሱን እንዲያይና እንዲያስተካክል መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን «ለሚያስፈልግ ጊዜ» ማለት ዲስኩ እስኪሞላ ነው፣ «ዓላማው» ደግሞ በቃል እንኳ ተጠይቆ አያውቅም።

በዚህ ላይ ከውጭ የማነሣው አንድ ጉዳይ አለ፣ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርብ ስለሆነ። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ የአንድ ሰው ቤት ተደጋግሞ ተጠቃ፣ መስኮቱ ተሰበረ። ሰውዬው ካሜራ ሰቀለ፤ ካሜራው የቤቱን መግቢያ፣ መንገዱንና የጎረቤቱን በር ያያል። በ2007 እ.ኤ.አ. መስኮቱ ዳግም ሲሰበር ቀረጻውን ለፖሊስ ሰጠ፣ ተጠርጣሪዎች ተለዩ። አንደኛው ተጠርጣሪ ታዲያ «እኔን የቀረጸበት ካሜራ ሕጋዊ ነው ወይ?» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ተወሰነ። ካሜራህ የሕዝብን መንገድ ካየ «የግል ቤቴ ጉዳይ ነው» ብለህ ከመረጃ ሕጉ አታመልጥም፤ ቤተሰብህንና ንብረትህን የመጠበቅ ጥቅምህ ግን በሚዛኑ ላይ ይቀመጥልሃል አለ። ውሳኔው እኔን ያስማማኛል። ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ቅያስ ፊት ለፊት በሚተያዩ የጎንደር ግቢዎች፣ በራስህ በር ላይ የሰቀልከው ካሜራ የጎረቤትህ ሴት ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባች ይመዘግባል። መሰላል ወጥቶ ካሜራውን ጥቂት ወደ ታች ማጎንበስ ከችሎት በፊት የሚፈታው ጠብ ነው። ሽማግሌ የሚያየው ጉዳይ ይመስለኛል፣ ሲብስ የአስተዳደር።

ወደ ደጋው ስንወጣ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ካሜራው ይሳሳል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እስከ ዛሬ ጎብኚውን የሚያጅበው ጠመንጃ የያዘ ስካውት ነው። ነገር ግን ለዱር እንስሳት ጥናትና ጥበቃ ተብለው የሚተከሉ ራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎች በዓለም ፓርኮች ሁሉ እየገቡ ነው፤ ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ሲባል ነገ ስሜን ላይ ቢበዙ አይገርምም። የህንዱ የኮርቤት ነብር መጠለያ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። የካምብሪጅ ተመራማሪ ትሪሻንት ሲምላይ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ እንጨትና ሣር ለመልቀም ጫካ የሚገቡ ሴቶች በካሜራው ምክንያት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውንና መዝፈን መተዋቸውን አሳይቷል፤ ዘፈኑ አውሬ ማራቂያቸው ነበር። ልትጸዳዳ ዘወር ያለች ሴት ምስልም ወጥቶ በመንደሩ ተሠራጭቷል። ያገሬ ደገኛ ሴት ዘወር የምትለው ለዚሁ ነው፤ ሰው የለም ብላ። ፓርኩ ካሜራ ሲተክል የት እንደተከለ ለመንደሩ መንገር፣ ሰው ያለበትን ምስል ሳያሳድር ማጥፋት፣ ከሥራው በፊት የሚጻፍ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ከተማው እንመለስና፣ ያቺ ነጠላ ያጣፋች ሴት ጎንደር ላይ ብትኖርና ቪዲዮዋ ማክሰኞ ማታ ቢወጣ ምን ታድርግ? የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን እዚሁ ከተማ አለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ስርጭቱ እንዲቆም መጠየቅን ይፈቅድላታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ከደቂቃዎች በኋላ ሒሳቧን ከፍላ ከሆነ፣ ስትከፍል የሚያሳየው ቀረጻ ያለው በዚያው ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። በቴሌግራም የተለቀቀው ቁራጭ አይጠፋም፤ እሷን የሚያነጻው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በአዲስ ቀረጻ ይሸፈናል። ስለዚህ ጠበቃዋ የመጀመሪያ ቀን የሚያቀርበው አቤቱታ የካሳ አይደለም፤ ሣጥኑ እንዳይነካ፣ ዲስኩም ተነቅሎ በፍርድ ቤት እጅ እንዲቀመጥ ትእዛዝ የሚጠይቅ ነው።